ተራራው ፎቶ ላይ ለምን ጠፍጣፋ ይሆንብናል? ዴፕዝ ኦፍ ፊልድና ቴክስቸር አጠቃቀም፣ ከስሜን ተራሮች ጋር

ስሜን ሄዳችሁ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆማችሁ፣ 3,926 ሜትር ላይ ማለት ነው፣ ከእግራችሁ ስር መሬቱ ጠፍቶ እንትን ብሎባችሁ፣ "ኧረ የፈጣሪ ያለህ" ብላችሁ ካሜራ አውጥታችሁ ሠላሳ አርባ ፎቶ አንስታችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ስታዩት ግን ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ፀሐይ የመጠጠው ፖስተር የመሰለ ነገር ሆኖ ጠብቋችሁ አያውቅም? እኔን ገጥሞኛል። ካሜራው አይደለም ጥፋተኛው፣ ሌንሱም አይደለም፣ ወይም ቢያንስ ብዙውን ጊዜ አይደለም።

የኔን ልንገራችሁና ከዛ ወደ ሥራው እንገባለን። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጥቅምት ላይ ነበር፣ ያለኝ ካሜራ ሁሉም ሰው የሚጀምርበት ዓይነት ከ18 እስከ 55 ሚሊ ኪት ሌንስ (ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው) የተገጠመለት ነው። አንደኛው ቀን ላይ ጅብራ አገኘሁና (ያቺ ቅጠሎቿ እንደ ጎራዴ ዙሪያዋን የተሰካኩት፣ ስታድግ አናቷ ላይ ረጅም አበባ አውጥታ አንዴ አብባ የምትሞተዋ) ከፊት አስቀምጬያት፣ ኋላዋ ገደሉን አድርጌ፣ ፎከሱን (ሌንሱ አጥርቶ የሚይዝበትን ቦታ) ገደሉ ላይ አርጌ በኤፍ 4 ሳነሳ ዋልኩ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፣ ወደ ታች አስረዳለሁ)። ካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ስክሪን ሁሉም ያምራል። በሁለተኛው ቀን ደግሞ አንድ አብሮኝ የነበረ ልጅ "ለተራራ ቁጥሩን እስከመጨረሻው ነው የምትወስደው" አለኝና ሁሉንም በኤፍ 22 አነሳሁ። ጎንደር ተመልሼ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው የመጀመሪያው ቀን ጅብራ በሙሉ ብለር (የደበዘዘ)፣ የሁለተኛው ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር በቀጭን ነጠላ የተሸፈነ ይመስል ልስልስ ያለ። የሦስት ቀን እግር ጉዞ እኮ ነው! ሁለቱም ስህተት የራሱ ምክንያት አለው፣ ወደ ታች እናየዋለን።

በመጀመሪያ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚባለውን በአጭሩ። ፎቶው ውስጥ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሻርፕ (ጥርት ያለ) ሆኖ የሚታየው ርቀት ነው፣ በቃ። ምንና ምን ይወስነዋል? የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የሌንሱ ርዝመት (ላዩ ላይ በሚሊ የተጻፈው ቁጥር)፣ ፎከስ ያረጋችሁበት ነገር ርቀት። መነጽሩን ቤት የረሳ ሰው የታክሲ ታፔላ ለማንበብ ዓይኑን ሲያጨነቁር አይታችኋል አይደል፣ ልክ እንደሱ ነው፣ ቀዳዳው ሲጠብ ብዙ ነገር ይጠራል። ቁጥሩ ግን ተገላቢጦሽ ስለሆነ ጀማሪን ሁሉ ያምታታል፣ ኤፍ 8 ማለት የሌንሱ ርዝመት ለ8 ሲካፈል ማለት ነው፣ 24 ሚሊ ሌንስ ከሆነ የቀዳዳው ስፋት 3 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል።

ቴክስቸር ደግሞ የነገሩ ሸካራነት ነው፣ ዓይናችሁ በእጅ እንደዳሰሰው የሚያውቀው ነገር። ይሄን ለማስረዳት ከእንጀራ የተሻለ የለም። እንጀራ መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እዩት፣ እያንዳንዷ ዓይን የራሷ ጥላ አላት፣ ሊዳሰስ ይመስላል። አሁን መስኮቱን ዝጉና በስልካችሁ ፍላሽ ከላይ አንሱት፣ ዓይኑ ሁሉ ጠፍቶ ቡኒ ወረቀት ይሆናል። እንጀራው ያው ነው፣ የተለወጠው ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ብቻ። ተራራም እንደዛው ነው፣ ገደሉ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ጓሳው፣ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ግራጫና ቢጫ ላይከን (ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚበቅለው ሽፋን)፣ ጥላ ካላገኘ የለም ማለት ነው።

እና ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው፣ ፎቶ ላይ ርቀት የሚሰማችሁ ቅርቡ ሸካራ ሩቁ ልስልስ ሲሆን ነው። ዓይን በተፈጥሮው እንደዛ ነው የሚያየው፣ እግሩ ስር ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ማዶ ያለውን ተራራ ግን ሰማያዊ ጥላ አርጎ ያልፈዋል። ፎቶው ውስጥ ቅርብ የሚባል ነገር ከሌለ፣ ወይ ቅርቡ ብለር ከሆነ፣ ወይ ሻርፕ ሆኖ ብርሃኑ ከገደለው፣ ያው ፖስተሩ ነው። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንድ፣ ሰዓቱ ላይ ድርድር የለም። ስሜን ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው፣ ስለዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ አውሮፓ ያሉ ሰዎች ወርቃማ ሰዓት ምናምን እያሉ ረጋ ብለው ሻይ እየጠጡ የሚያነሱበት ብርሃን እኛ ጋ ግማሽ ሰዓት ብትቆይ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ሸካራነት ለማውጣት ምርጡ ነው፣ እስከ 2 ሰዓት ይሠራል፣ 4 ሰዓት ሲሆን ካሜራውን ከታችሁ ቁርስ ብሉ። ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት ወዲህ። ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ አካባቢማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በትክክል አናታችሁ ላይ ናት፣ የራሳችሁን ጥላ እንኳን እግራችሁ ስር ነው የምትፈልጉት፣ እንኳን የድንጋይ ስንጥቅ። ከግጭ ካምፕ እሜት ጎጎ በእግር እንደ አካሄዳችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ስለሚወስድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መነሳት ግድ ነው፣ ይበርዳል፣ አውቃለሁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር፣ ዋናው ገደል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ የገደሉ ፊት ጥላ ውስጥ ነው የሚውለው። ታዲያ ምን ይነሳል? ከገደሉ ወደ ቆላው እንደ ጣት ወጣ ወጣ ያሉት ሸንተረሮች። እነሱ ጠዋት ከአንድ ጎን ማታ ከሌላው ጎን ብርሃን ስለሚልሳቸው አንዱ ጎናቸው በርቶ ሌላው ጨልሞ ቁልጭ ይላሉ። ፊቱ ካልበራ ገደል ጋር አትታገሉ።

ሁለት፣ ተራራውን ከማየታችሁ በፊት ድንጋይ ፈልጉ። ስቀልድ አይደለም። ቦታው ላይ እንደደረሳችሁ ዓይናችሁ ወደ ሩቅ ይሄዳል፣ ተዉት ይሂድና ይመለስ፣ ከዛ ከእግራችሁ እስከ አምስት ስድስት እርምጃ ድረስ ያለውን መሬት ብቻ እየዞራችሁ እዩ። የምትፈልጉት ሸካራ ነገር ነው፣ ላይከን የለበሰ ድንጋይ፣ አስታ ላይ የተንጠለጠለው እንደ ሽማግሌ ጢም ያለው ነገር፣ አብባ የሞተች ጅብራ ግንድ፣ ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ደግሞ ጓሳው ላይ ያደረው አመዳይ። አመዳዩ ፀሐይ እንደነካው ስለሚሄድ መጀመሪያ እሱን።

ከዛ ዝቅ በሉ። ቆሞ ከዓይን ቁመት ማንሳት የጠፍጣፋ ፎቶ ግማሽ ምክንያቱ ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ጓሳው ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ድንጋይዋን ሳስተካክል አብረውን የነበሩት ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ)፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ለረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆይተው "አንተ ልጅ፣ ተራራው እኮ በዚያ ነው" አሉኝ። "አውቃለሁ ጋሼ፣ ድንጋይዋን ነው" ስላቸው ሳቁና "ድንጋይ ፍለጋ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው" አሉኝ። አዎ፣ ለድንጋይ ነው የመጣሁት። ግን ገደል ጫፍ ላይ ዝቅ ስትሉ ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ) አስቀምጣችሁ ወደ ኋላ እያያችሁ አትራመዱ፣ ስካውቱ "በቃ" ካሉ በቃ ነው።

ሦስት፣ ካሜራውን አፐርቸር ሞድ (ቀዳዳውን እናንተ የምትመርጡበት) ላይ አርጉና ኤፍ 11 ላይ አስቀምጡ። ክሮፕ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ አነስ ያለ ካሜራ) ከሆነ ኤፍ 8 ይበቃል፣ ቢበዛ 11። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ፋይሉ ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬው)። ኤፍ 22 ለምን አይሆንም? ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ ጠርዙን እየታከከ ስለሚያልፍ ይበተናል፣ ዲፍራክሽን ይሉታል፣ የሚጎዳው ደግሞ በትክክል ልትይዙት የመጣችሁትን ጥቃቅን ሸካራነት ነው። የሁለተኛው ቀን ነጠላ ያልኳችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ቁጥር በመጨመር ብቻ የሚገኝ ነገር የለም፣ ቀሪው ፎከሱ የት ነው የሚለው ላይ ነው።

አራት፣ ፎከስ። እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዚህ ነው ያለው። ብዙ ሰው ወይ ሩቁ ተራራ ላይ ፎከስ ያደርጋል፣ ወይ ከፊት ያለው ድንጋይ ላይ። ሁለቱም ያባክናል። ሩቁ ላይ ስታደርጉ ዴፕዙ ከተራራው ኋላ ምንም የሌለበት ሰማይ ላይ ይባክናል፣ ቅርቡ ላይ ስታደርጉ ደግሞ ከድንጋዩ ወደ እናንተ ባለው ባዶ አየር ላይ። ትክክለኛው ቦታ መሃል ላይ ነው፣ ግን መሃል ስል የተራራው መሃል መንገድ እንዳይመስላችሁ፣ በጣም ቅርብ ነው፣ እጅግ ቅርብ።

ለሜዳ የሚሆን ሕግ አለ። በጣም ቅርብ የሆነው ሻርፕ እንዲሆን የምትፈልጉት ነገር ስንት ክንድ ይርቃል? ያንን እጥፍ አርጉና እዛ ላይ ፎከስ አርጉ። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ድንጋይዋ ሁለት ክንድ ከራቀች 1 ሜትር ማለት ነው፣ ፎከሱ 2 ሜትር ላይ። በቃ ይሄ ነው። በዚህ ጊዜ ድንጋይዋና ማዶ ያለው ተራራ እኩል ሻርፕ ይሆናሉ። ያ "እኩል" ግን "በቂ" ነው ወይ የሚለውን የሚወስነው አፐርቸሩ ነው። ፉል ፍሬም (ትልቁ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ 24 ሚሊ በኤፍ 11 ከሆነ ፎከሱን 1 ሜትር ከ80 አካባቢ ላይ ስታደርጉት፣ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት በሉት፣ ከ90 ሳንቲ ጀምሮ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ሁሉም ይያዛል። 16 ሚሊ ከሆነ 80 ሳንቲ ላይ ይበቃል። 35 ሚሊ ላይ ወደ 3 ሜትር ከ75 ይሄዳል፣ 50 ሚሊ ላይ ደግሞ 7 ሜትር ተኩል። አያችሁ፣ ሌንሱ ሲረዝም እንዴት በፍጥነት እንደሚሸሽ። ኪት ሌንስ ያላችሁ፣ በ18 ሚሊና ኤፍ 11፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ አርጉና ከ80 ሳንቲ ወዲያ ያለው የናንተ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ሃይፐርፎካል ይሏቸዋል፣ የሚያሰሉ ነፃ አፖችም ሞልተዋል፣ እኔ ግን ለምጠቀምበት ሌንስ ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ሌንስ ክዳኑ ውስጥ ለጥፌያለሁ ምክንያቱም በዛ ብርድ ጓንት አውልቆ ስልክ መነካካት ሞት ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ከቁጥሩ ትንሽ ራቅ አርጉ፣ ፎቶው በትልቁ ሲታተም ሩቁ ከደከመ ያሳፍራል።

አሁን ያሉት ሌንሶች ብዙዎቹ ሜትር አልተጻፈባቸውም፣ ታዲያ 1 ሜትር ከ80ን እንዴት ላውቅ? ቦርሳችሁን እዛ ርቀት ላይ ወስዳችሁ አስቀምጡት፣ በአውቶ ፎከስ ቦርሳውን ያዙ፣ ከዛ ሌንሱ ጎን ያለችውን ማብሪያ ወደ ማንዋል ገፋ አርጉ፣ ቦርሳውን አንሱ። አለቀ። ከዛ በኋላ ዙሙን ከነካችሁ ግን ፎከሱ ስለሚዛወር እንደገና ከቦርሳው ጀምሩ። እኔ አንዴ ቦርሳውን ሳላነሳ አሥራ አምስት ፎቶ አንስቻለሁ፣ ቦርሳው በጣም ሻርፕ ነበር።

አምስት፣ አትመኑት። ላይቭ ቪው (ስክሪኑ ላይ በቀጥታ የሚታየው) ላይ 10 እጥፍ አጉልታችሁ መጀመሪያ የቅርቧን ድንጋይ ጫፍ፣ ቀጥሎ የሩቁን ሸንተረር ጠርዝ እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ባለ 2 ሰከንድ ታይመር፣ ትራይፖድ ላይ ከሆናችሁ የሌንሱን ስታቢላይዘር (መንቀጥቀጥ መከላከያውን) አጥፉ፣ ቀጭ። ትራይፖድ ከሌለ የጤፍ ከረጢት ይሁን የካልሲ ጥቅል ድንጋይ ላይ አርጋችሁ ካሜራውን ማስደገፍ ይቻላል፣ መሬት ላይ ስለሆናችሁ እንዲያውም ይመቻል።

ስድስት፣ ነፋስ። ጓሳ ዝም ብሎ አይቆምም። ኤፍ 11 እና አይኤስኦ 100 ጠዋት ላይ ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ወደ 1 ለ30 ሰከንድ ያወርደዋል፣ ሣሩ ደግሞ በዛች ቅጽበት ይወዛወዛል፣ ከዛ ዴፕዙ ልክ ሆኖ ሳለ ብለር ይሆንና ፎከሱን ትረግማላችሁ። አይኤስኦውን ወደ 400፣ ካስፈለገም 800 ከፍ አርጉና ሻተሩ 1 ለ200 ይድረስ፣ ትንሽ ግሬይን (ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ) ከተንቀጠቀጠ ሣር ይሻላል። ወይም ደግሞ ጠብቁ፣ ነፋስ ትንፋሽ ይወስዳል።

ቅርቡ ነገር በጣም ቅርብ ከሆነስ፣ ለምሳሌ የጅብራዋ ቅጠል ሌንሱን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው? በአንድ ፎቶ አይያዝም፣ ሕጉ እጥፍ ቢል ቀዳዳው አይበቃም። ያን ጊዜ ካሜራው ሳይነቃነቅ ሦስት ወይ አራት ፎቶ ታነሳላችሁ፣ አንዱ ፎከስ ቅጠሉ ላይ፣ አንዱ ትንሽ ራቅ፣ አንዱ ተራራው ላይ፣ ከዛ ፎቶሾፕ ውስጥ በሌየር ከፍታችሁ አውቶ አላይን፣ ቀጥሎ አውቶ ብሌንድ ብላችሁ ስታክ ኢሜጅስ መምረጥ ነው። ነፋስ ካለ አትድከሙ፣ ቅጠሉ ሁለት ሦስት ጫፍ ያወጣል። እውነቱን ለመናገር ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ስታኩን ያስቀራል።

ረጅም ሌንስ ሌላ ዓለም ነው። 200 ሚሊ በኤፍ 8 ላይ ያ ሃይፐርፎካል የምንለው 165 ሜትር አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቅርቡንም ሩቁንም የሚባል ነገር እርሱት፣ መምረጥ ነው። ጭላዳ እያነሳችሁ ከሆነ ጭላዳው ላይ፣ ኤፍ 5.6፣ ገደሉ ከኋላው ይሟሟ። የወንዱ ጎፈር ደግሞ ለቴክስቸር ተብሎ የተሠራ ነው፣ ማታ ላይ ፀሐይን ከጎኑ ወይ ትንሽ ከኋላው አርጋችሁ ካነሳችሁ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይበራል። አትጠጉት ግን፣ ቁጭ በሉ፣ ሣሩን እየነጨ ራሱ ይመጣል። ሸንተረሮችን ብቻ ደራርባችሁ ስታነሱ ሁሉም ሩቅ ስለሆነ ፎከስ አያስጨንቅም፣ እዛ ላይ ጨዋታው ጭጋጉ ነው። ክረምት ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ አየሩ የታጠበ ስለሆነ ሩቁ ጥርት ይላል፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ግን አቧራና ጭስ ስላለ ሸንተረሮቹ እየደበዘዙ በንብርብር ይሄዳሉ፣ ብዙ ሰው ይሄን ይጠላል፣ እኔ እወደዋለሁ።

በስልክ የምታነሱ ደግሞ ከላይ ያለው ሒሳብ ግማሹ አይመለከታችሁም፣ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ከቅርብ እስከ ሩቅ ራሱ ይይዛል። ፖርትሬት ሞድ ለተራራ አትክፈቱ፣ ብለሩን በግምት ስለሚቀባው የጓሳውን ጫፍ እየበላ ነው የሚሄደው። ስልኩን ገልብጣችሁ ካሜራው ወደ መሬት እንዲቀርብ አርጉ፣ ድንጋይዋን በጣት ነካ፣ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች ሳቡት፣ ሌንሱን በሸሚዝ ጥረጉ (እሱን ማንም አይሠራም)። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ግን ለስልክም ያው ነው።

ኤዲት ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። ላይትሩም ላይ ቴክስቸርና ክላሪቲ የሚሉ ሁለት መጎተቻዎች አሉ፣ ክላሪቲው ትልልቁን ጥላና ብርሃን ስለሚያጋጭ ሲበዛ ተራራውን በከሰል የተሳለ ያስመስለዋል፣ ቴክስቸሩ ግን ጥቃቅኑን ስለሚነካ ይሻላል፣ 20 እስከ 30። ዋናው ነገር መላው ፎቶ ላይ አትጎትቱት። ብሩሽ ወይ ማስክ ወስዳችሁ ፊት ያለው ድንጋይና ሣር ላይ ብቻ። ሩቁን ተዉት፣ እንዲያውም ዴሄዝ የሚለውን ሩቁ ላይ አትንኩት፣ ሰው ሁሉ ጭጋጉን ጠርጎ ማዶ ያለውን ተራራ እንደ ቅርቡ ሲያጠነክረው ያየሁትን ያህል... ያኔ ቅርብና ሩቁ አንድ ዓይነት ሸካራ ይሆኑና የለፋንበት ርቀት ይጠፋል፣ ተመልሶ ፖስተር። ስናፕሲድ ላይም ስትራክቸር የሚለው እንደዛው ነው፣ እጅ ሲበዛበት ሰማዩ ላይ ጉድ ያወጣል።

ሁለት ትንንሽ ነገር ከመርሳቴ በፊት። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል፣ ግጭ ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ትርፉን ባትሪ ከጋቢው ውስጥ ሰውነታችሁ ጋ አሳድሩት። እና የቀዘቀዘ ካሜራ ይዛችሁ እሳት ያለበት ቤት ስትገቡ ከቦርሳው ቶሎ አታውጡት፣ ሌንሱ ላይ ውሃ ይሠራል።

ደባርቅ ድረስ እስክትሄዱ ደግሞ ቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል። ጠዋት ወደ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት አጠገብ ሰፌድ ወለሉ ላይ አስቀምጡ፣ ካሜራውን ከሰፌዱ ሁለት ክንድ አርቃችሁ ዝቅ አርጉ፣ ከሰፌዱ ኋላ በሩና ኮሪደሩ እንዲታይ። አንዴ ሰፌዱ ላይ ፎከስ፣ አንዴ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ አንዴ በእጥፉ አራት ክንድ ላይ፣ ሦስቱንም በኤፍ 4፣ በኤፍ 11 እና በኤፍ 22። ዘጠኝ ፎቶ ነው። ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ከፍታችሁ የስፌቱን አክርማ እዩት፣ ከዛ 6 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ ያንኑ ድገሙት።